ለጌም ፈረስ ማልቀስ ሱስ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 26 ነው። እንጅባራ ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ያለው የአጎቴ ልጅ ላፕቶፑን አውሶኝ ‹ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2›ን ተጫወትኩ። ጳጉሜ ላይ ጨረስኩት። ይኸው ጥቅምት ገባ፤ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የጌሙ ዋና ሰው፣ ሽፍታው አርተር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ለመተኛት ዓይኔን ስከድን ግልቢያው ይታየኝ ነበር፤ አሁን እሱስ ቀንሷል። የአርተር ፈረስ የሞተ ለታ አልቅሻለሁ። እኛ ቤት የነበረችውን ዳማ ፈረስ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ራሴ ገበያ ወስጄ ስሸጣት እንኳ አላለቀስኩም። ታላቅ እህቴ ‹ሱስ ይዞሃል፤ ዝምታ አበዛህ› ትለኛለች። ጌም ቤት ያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እነሱ ጋ ለዓመታት ፊፋ ስጫወት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ግራፊክሱ በጣም ስለሚያምር ይሆን? ሱስ ከሆነ እርግፍ አድርጌ ልተወው። ካልሆነ ደግሜ ልጫወተው ወይስ እንደሱ ያለ ሌላ ጌም ይጠቁሙኛል?»

ምላሽ፦ ሱስ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው ከ2022 ጀምሮ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚታዩት ምልክቶች ሦስት ናቸው። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ያቅተዋል። ጨዋታው ከሥራም፣ ከትምህርትም፣ ከቤተሰብም ይቀድምበታል። ጉዳት እያደረሰበት እንኳ ይቀጥላል። ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል የቆየ መሆን አለበት። አንተ ጌሙን ጨርሰህ ዘግተኸዋል። መስከረም ሲጠባ ክፍልህ ገብተሃል። ለመጫወት እጅህን የሚበላህ ነገር በጥያቄህ ውስጥ አላየሁም። እህትህ ያየችው ዝምታህን ነው። ያየችው ትክክል ነው፤ የሰጠችው ስም ግን ተሳስቷል።

ዓይንህን ስትከድን ይታይህ የነበረው ግልቢያ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከሐሳቡ ጋር አታደባልቀው። በ2000 የሃርቫርዱ ተመራማሪ ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለቀናት ቴትሪስ የሚባለውን ቅርጽ የመደርደር ጌም አጫወቱ። ከዚያ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ምን እንደሚታያቸው ጠየቋቸው። ብዙዎቹ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱትን ቅርጾች አይተዋል። ከነሱ መካከል በአንጎል ጉዳት ምክንያት አዲስ ነገር መያዝ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ጌሙን መጫወታቸውን ረስተውታል፤ ቅርጾቹ ግን መጥተውባቸዋል። አንጎል ቀን ሲደጋግም የዋለውን ማታም ይደጋግመዋል ማለት ነው። ይህ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነገር ነው። አንተም ቀንሷል ብለሃል። እዚህ ላይ የሚያሳስብ ነገር የለም።

የቀረው የአርተርና የፈረሱ ሐሳብ ነው። እሱን በደንብ እንየው።

በመጀመሪያ ግራፊክሱ አይደለም። የዚያ ጌም ተራራና ጭጋግ ማማሩን አልክድም። ግን በ2013 ሉካስ ፖፕ የተባለ ሰው ብቻውን ማለት ይቻላል የሠራው ‹ፔፐርስ፣ ፕሊስ› የሚባል ጌም አለ። ሥዕሉ የድሮ ኮምፒውተር ነው የሚመስለው፤ ቀለሙም ደብዛዛ ነው። ሥራህ ድንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፓስፖርት ማየት ነው። አንድ ሰው ወረቀቱ ተሟልቶ ይገባል። ከኋላው ሚስቱ ትመጣለች፤ የእሷ ወረቀት ጎድሏል። ካስገባሃት ጥፋት ሆኖ ይመዘገብብሃል፤ ጥፋት ሲደጋገም ከደመወዝህ ይቆረጣል። ቤትህ ደግሞ ልጅህ በብርድ ታሟል። ይህን ጌም የተጫወቱ ሰዎች ያችን ሴት ከዓመታት በኋላም ያስታውሷታል። በልባቸው ያስቀራት ሥዕሉ ሳይሆን «ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ነው።

የአንተም ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ፊልም ስታይ ጥፋቱን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። ልታዝን፣ ልትናደድ ትችላለህ። ጥፋተኛ ነኝ የሚል ስሜት ግን በፊልም ብዙም አይመጣም። ጌም ላይ የምትጫነው አንተ ነህ። አርተር ታሪኩ ገና ሲጀምር የአራጣ ዕዳ ሊሰበስብ ሄዶ አንድ የታመመ ደሃ ገበሬ ይደበድባል። ዳውንስ ይባላል። ሰውየው አርተር ፊት ላይ ይስላል። በዚያን ሰዓት ተጫዋቹ ምንም አይመስለውም፤ ብዙ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ከብዙ ሰዓት በኋላ አርተር ራሱ ደም መትፋት ይጀምርና ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው ይለዋል። የዳውንስን ሚስትም በኋላ መበለት ሆና ታገኛታለህ። ያኔ ወደ ኋላ ተመልሰህ ያችን ቀን ታስባለህ። የደበደበው የአንተ ጣት ነበር። ጌሙ ሌላ ምርጫ እንዳልሰጠህ ብታውቅም ልብህ ይህን ሰበብ አይቀበልም።

(በነገራችን ላይ ታሪኩ የሚጀምረው በ1899 ነው፤ ያኔ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረም። የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው በ1943 ነው። ዛሬ ቲቢ በስድስት ወር ሕክምና የሚድን ሲሆን መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ቤታችሁ ካለ አትጠብቁ፤ ውሰዱት።)

ወደ ፈረሱ እንምጣ። ጌሙ ፈረሱን እንድትወደው ያደረገው በወሬ አይደለም፤ በሥራ ነው። ትቀልበዋለህ፤ ታበጥረዋለህ። ሲደነግጥ አንገቱን እየዳበስክ ታረጋጋዋለህ። በተንከባከብከው መጠን ይለምድሃል፤ ስትጠራው ከሩቅ ይመጣል። ቢቆስልና ቢወድቅ እንኳ የምታነሳበት መድኃኒት አለህ። ያን ሁሉ ሰዓት እጅህ የተማረው «ፈረሴ ሲወድቅ የማደርገው ነገር አለ» የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ ፈረሱ ተመትቶ ሲወድቅ ግን የሚጫን ቁልፍ የለም። መድኃኒቱ ኮርቻህ ውስጥ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ አይሠራም። አርተር ጠላት እየተከተለው ቆሞ ይሰናበተዋል፤ አንተም ከመመልከት ሌላ የምትሠራው የለህም። የጌም ሠሪዎች ትልቁ ጥበብ አንዳንዴ ይህ ነው፤ ያለማመዱህን ነገር በትክክለኛው ሰዓት መንሳት።

ተቃራኒውን ያደረገ ጌምም አለ። ‹ብራዘርስ› ይባላል፤ በ2013 ነው የወጣው። መጨረሻውን ልናገር ስለሆነ ልትጫወተው ካሰብክ ይህን አንቀጽ ዝለለው። ሁለት ወንድማማቾች ለታመመ አባታቸው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣሉ። በግራ እጅህ ታላቅየውን፣ በቀኝህ ታናሽየውን ትመራለህ። እናታቸውን ውኃ ስለወሰዳት ታናሽየው ውኃ ይፈራል። ወንዝ ሲያጋጥም ታላቁ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሻገረው። ወደ መጨረሻው ታላቁ ይሞታል። ታናሹ ብቻውን ወንዝ ዳር ይደርሳል። በራሱ ቁልፍ ብትሞክር አይገባም። ግራ ገብቶህ ቆይተህ የሟቹን ወንድሙን ቁልፍ ትጫናለህ። ልጁ ይገባል፤ ይዋኛል። አንድም የሚገባህ ቃል አልተነገረም። ግን ታላቅ ወንድም ከሞተም በኋላ ታናሹን እንደሚያሻግረው ግራ እጅህ ራሱ ይነግርሃል። ጌም ብቻ የሚችለው ነገር ካለ ይህ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርዝመቱ ነው። የሬድ ዴድ ዋናው ታሪክ ብቻ ወደ 50 ሰዓት ይፈጃል። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ማታ ማታ ከአርተር ጋር ነበርክ። በዚያ ክረምት ከስንት ሰው ጋር 50 ሰዓት አሳለፍክ? ሰውየው በአካል ባይኖርም አብሮ የመዋል ልማዱ እውነተኛ ነው። የሄደ እንግዳ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል፤ አንተም የሚሰማህ ያ ባዶነት አለበት።

ፊፋ ላይ እንዲህ ያልሆንከው ጨዋታው 90ኛው ደቂቃ ላይ ስለሚዘጋ ነው (ስሙ ከ2023 ወዲህ ቢቀየርም እኛ ዘንድ አሁንም ፊፋ ነው)። ሦስት ለሁለት አለቀ፤ ቀጣይ ግባ። ጥያቄ አይተርፍም። የሚተርፍ ቢኖር የተሸነፈው ልጅ ንዴት ነው፤ እሱም እስከ ምሳ ነው። ታሪክ ያለው ጌም ግን ሆን ብሎ ጥያቄ ይተዋል። ብሉማ ዜይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1927 ሰው ካለቀለት ሥራ ይልቅ የተቋረጠበትን እንደሚያስታውስ ጽፋለች። በኋላ ሙከራዋን የደገሙት ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ስላላገኙ እንደ ሕግ አልይዘውም። ነገር ግን «አርተር ያን ሁሉ ካጠፋ በኋላ ክሷል ወይስ አልካሰም?» የሚል ጥያቄ በውጤት ሰሌዳ እንደማይዘጋ አንተም ታውቀዋለህ።

እስካሁን ያልኩት ለማንም ተጫዋች ይሆናል። አሁን ስለ አንተ ልናገር። በጥያቄህ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፍከው ነገር አለ። ዳማዋን ራስህ ገበያ ወስደህ ሸጠሃታል፤ አላለቀስክም። ይህን ማንም አልጠየቀህም፤ አንተ ነህ የጻፍከው። እኔ ሳነበው ከጌሙ ይልቅ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። የምለው ግምት ነው፤ በአንድ ደብዳቤ የሰው ልብ አይታወቅም፤ ልክ መሆኑን የምትፈርደው አንተ ነህ። ያኔ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ነበርክ። ቤተሰብ ለአንተ ትምህርት ብሎ ፈረስ ሲሸጥ ልጁ ቆሞ አያለቅስም። ዛቡን ይዞ ይሄዳል፤ ዋጋ ይነጋገራል፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ለአባቱ ያመጣል። ማዘን ምስጋና ቢስነት ይመስላል። ያ ሐዘን መውጫ አጥቶ ዓመታት ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ጌም መጣና በገዛ እጅህ የቀለብከውን ፈረስ ከፊትህ ጣለው። ያለቀስከው ለጌሙ ፈረስ ብቻ አይመስለኝም።

ማፈርም የለብህም። አንተ ያለኸው በፈረስ በሚታረስበት፣ ሙሽራም ለቀስተኛም በፈረስ በሚሄድበት አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጡት የአገው ፈረሰኞች በዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችን ጭምር ነው የሚያስቡት። ለፈረስ ማኅበር ያቆመ ሕዝብ ልጅ ለፈረስ ቢያለቅስ የሚሳቅበት ነገር አይደለም። ጌም ቤት ከሚስቁብህ ልጆች መካከልም አንድ ጌም ጨርሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ እንዳለ አልጠራጠርም። ከነሱ ጋር አትከራከር።

ሐሳብ መቆየቱ ግን ሁልጊዜ ጤና ነው አልልህም። ልዩነቱን ማወቅ አለብህ። አንዱ ዓይነት ሐሳብ ይራመዳል። ዛሬ የምታስበው ከትናንቱ ትንሽ ይለያል፤ አዲስ ሰው፣ አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ትዝታ ይጨመርበታል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዲማም ሆነ ዋሸራ፣ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ቢውል ማንም ታመመ አይለውም፤ ምሥጢሩን እየፈለገ ነው። ሌላው ዓይነት ሐሳብ ግን ባለበት ይዞራል። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው ጥፋት፣ ያው ምስል። ሌሊት ያነቃል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ከሰው ያርቃል። የአንተ እስካሁን የመጀመሪያውን ይመስላል። ከጌሙ ተነስተህ ወደ ዳማዋ የደረስከው በራስህ ነው፤ ይህ መራመድ ነው። ነገር ግን እንቅልፍህ ለሁለት ሳምንት ከተቃወሰ፣ ክፍል መግባት ካስጠላህ፣ ወይም መኖር ምን ዋጋ አለው የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ጉዳዩ ከጌም ወጥቷል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። የመጨረሻው ዓይነት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። በዚያው ቀን ለእህትህ ንገራትና ይዛህ ትሂድ።

ደግመህ ትጫወተው እንደሆን ጠይቀሃል። አሁን አትጫወተው። ብዙ ሰው ተመልሶ የሚገባው ውጤቱን ለመለወጥ ነው። ይህ ጌም መልካም ከሠራህና ክፉ ከሠራህ መጨረሻው ይለያያል፤ እውነት ነው። ሆኖም በየትኛውም መንገድ አርተር ይሞታል። ፈረሱም ይሞታል። ይህን እያወቅህ ብትገባ ሐሳቡ የሚራመድ መሆኑ ቀርቶ የሚዞር ይሆናል። ከዓመት በኋላ፣ ታሪኩን ለማየት ብቻ ብትመለስበት ግን ብዙ ያመለጠህ ነገር ታገኛለህ።

እርግፍ አድርጎ መተውም መፍትሔ አይደለም፤ የተወጋው ቦታ ጌሙ አይደለምና። ወዲያው ወደ ሌላ ከባድ ጌም መዝለል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። የጀመርከውን ሐሳብ ሳትጨርስ በሌላ ትሸፍነዋለህ።

እኔ የምመክርህ ይህን ነው። ላፕቶፑን ለአጎትህ ልጅ መልስለት። ከዚያ አንድ ማታ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ለእህትህ የአርተርን ታሪክ ከመጀመሪያው ንገራት። በጌም ቋንቋ አትንገራት፤ ስለ አንድ ሽፍታ እንደምታወራ አድርገህ ተርክላት። የዳውንስን ነገር አትዝለል። ፈረሱ ጋ ስትደርስ ስለ ዳማዋ አንሳ። እህትህ ያችን ፈረስ ታውቃታለች። ምናልባትም ከአንተ በላይ ውኃ ያጠጣቻት እሷ ናት። ለእኔ ያልጻፍካቸውን ነገሮች እሷ ታስታውሳለች፤ ማን እንደገዛት፣ የት እንደሄደች፣ አባታችሁ ያን ቀን ማታ ምን እንዳለ። ሱስ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ የሚመለስ አይመስለኝም። ማውራት ከከበደህ መጀመሪያ ጻፈው፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ጥር 23 ሲደርስ ደግሞ ቤት አትቀመጥ፤ ከእሷ ጋር ውጣና ፈረሶቹን እይ።

ሌላ ጌም እስከ ገና አትጀምር። ከዚያ በኋላ ከቀላሉ ተነሳ። ‹ፍሎረንስ› በ2018 ለስልክ የተሠራ ጌም ነው፤ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ስለ አንዲት ወጣት ፍቅር ነው፤ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሰዎች ሲተዋወቁ ንግግራቸውን ከቁርጥራጭ እየገጣጠምክ ትሠራለህ፤ እየተላመዱ ሲሄዱ ቁርጥራጩ እያነሰ ይመጣል። ይህን እህትህም መጫወት ትችላለች። ቀጥሎ ‹ፔፐርስ፣ ፕሊስ›ን ሞክር፤ ከ2022 ጀምሮ ለስልክም ወጥቷል። ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ‹ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ› የሚባለውን የ2005 ጌም ሰዎች ይጠቁሙህ ይሆናል። ምንም ያላደረጉህን 16 ግዙፍ ፍጥረታት የምትገድልበት ነው፤ አንዱ በወደቀ ቁጥር የድል ሳይሆን የሐዘን ዜማ ይሰማል። ድንቅ ሥራ ነው። ግን በዚያ ባዶ ምድር ከፈረስ በቀር ጓደኛ የለህም፤ ስለዚህ ለአንተ ይቆይ።

አንዱን ግን በግልጽ አስጠነቅቅሃለሁ። በ2014 የፖላንድ ሠሪዎች ያወጡት ‹ዚስ ዋር ኦፍ ማይን› የሚባል ጌም አለ፤ በስልክም ይገኛል። መነሻው በ1990ዎቹ የሳራዬቮ ከተማ ከበባ ነው። ወታደር አትሆንም፤ በተከበበ ከተማ ውስጥ የሚራቡ ሰላማዊ ሰዎችን ነው የምትጠብቀው። ለታመመው ጓደኛህ መድኃኒት ለማግኘት ምንም መከላከያ የሌላቸውን ባልና ሚስት ሽማግሌዎች መዝረፍ ትችላለህ። ማንም አይከለክልህም። በማግስቱ ግን የዘረፈው ሰው ይከፋዋል፤ ጭራሽ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ለትምህርት ቤት የንባብ ዝርዝር የመረጠው ጌም ነው፤ ይገባዋልም። ለሩቅ አገር ሰው ትምህርት ነው። በቅርብ ዓመታት የተኩስ ድምፅ እየሰማ ላደረ፣ መንገድ ተዘግቶበት ለከረመ የጎጃም ሰው ግን ጌም ብቻ አይሆንም። ከዘመዶችህ መካከል የተጎዳ ካለ ጨርሶ አትክፈተው። ከሌለም ይህን ዓመት አሳልፈው። ከጀመርከውም ቀን እንጂ ማታ አትጫወተው፤ አጠገብህም ሰው ይኑር።